ለእንግዳ የተነገረ ኮከብ

ጥርስ ሠሪው በዚያ ቅዳሜ ጠዋት መነጽሩን ረስቶ ከመንገድ ባይመለስ ኖሮ፣ ታላቅ እህቱ ለሰው የምትለውን አንድም ቀን ሳይሰማ ዕድሜውን ይጨርስ ነበር። እንግዳ ባለበት ሰዓት በፊት ለፊቱ በር መግባት በቤቱ ደንብ ስላልሆነ፣ እንደ ልማዱ በጓሮ ዞሮ፣ የውሃውን በርሜል አልፎ፣ ጫማውን ደጃፉ ላይ አውልቆ ወደ ክፍሉ ገባ። የእሱን ክፍልና የእህቱን እንግዳ መቀበያ የሚለየው ጣሪያው ድረስ ያልደረሰ ስስ የኮምፖርሳቶ ግድግዳ ነው። ከኮምፖርሳቶው ማዶ ስንት ሴት አልቅሳለች፣ ስንት ወንድ እጣ ፈንታውን ጠይቋል፤ እሱ ግን ወይ ሥራ ላይ ይሆናል፣ ወይ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ይጋደማል። የሰው ገመና መስማት አይወድም። መነጽሩን ከትራሱ ሥር አውጥቶ፣ በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ፣ ሊወጣ ሲል ነው እህቱ "አቅራብ ነሽ" ስትል የሰማው።

አቅራብ የእሱም ኮከብ ነው። እግሩ እዚያው ቀረ።

"አቅራብ ታስሮ የሚኖር ኮከብ አይደለም፣ የኔ ልጅ" አለች እህቱ፣ ለእንግዳ ብቻ በምታወጣው፣ ዘይት የጠጣ በሚመስል ድምፅ። "አንድ ቦታ ከከረመ ይሻግታል። አላየሽውም ፊትሽን? ከሱቁ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሱቁ እያልሽ እኮ ነው የገረጣሽው።"

"እናቴ ግን ሥራው ሌላ ከተማ ነው ስላት እህል አልቀምስም አለች" አለች እንግዳዪቱ። የልጅ ድምፅ ነው፤ ሃያ አምስት ቢሆናት ነው።

"ትቀምሳለች። ሦስት ቀን አኩርፋ በአራተኛው ትበላለች። አንቺ የራስሽን ኑሪ። የሰው ዕድሜ እየኖሩ ማርጀት ለአቅራብ አልተጻፈም። መንገድሽ ወለል ብሎ ይታየኛል፣ ይኸው እኔ ነኝ ያልኩሽ።"

ልጅቷ አለቀሰች፤ ግን የደስታ ነው፣ ያስታውቃል። ከዚያ የቦርሳ ዚፕ ተከፈተ። "ሁለት መቶ ነው አይደል?" አለች። "ካንቺማ መቶ ሃምሳው ይበቃኛል፣ መንገደኛ አይደለሽ እንዴ" ብላ እህቱ ሳቀች። ጥርስ ሠሪው መነጽሩን በእጁ እንደያዘ በጓሮ ወጣ። ጫማውን ያጠለቀው ከግቢው ውጪ፣ መንገድ ላይ ነው።

ሠፈሩ በሙሉ እትዬ እያለ የሚጠራት ይህች እህቱ፣ ለእሱ ሌላ ነበር የነገረችው። ገና ሃያ ሳይሞላው አንድ የጭነት መርከብ ድርጅት ለመካኒክ ረዳትነት መርጦት ነበር። በዚያን ጊዜ እትዬ ያንን ቢጫ የኮከብ መጽሐፏን ዘርግታ፣ ጣቷን መስመሩ ላይ እየነዳች፣ "አቅራብ ከበቀለበት ከተነቀለ አይጸድቅም" አለችው። አልሄደም። ከዚያ ጥርስ መሥራት ተማረ፤ ዓመታት አለፉ። አንዲት ልብስ ሰፊ ወደደና እሷ ወደ ወንድሞቿ ከተማ ስትሄድ አብረን እንሂድ አለችው። አሁንም ከኮምፖርሳቶው ወዲያ ማዶ ተቀምጦ እንደ ማንኛውም እንግዳ ጠየቀ፤ አሁንም "አይጸድቅም" ተባለ። ልብስ ሰፊዋ ሄዳ እዚያው ወልዳ ከበደች። ሦስተኛው የቅርብ ነው። በክሊኒኩ አብራው የሠራች፣ ሥራውን የምታደንቅለት ሐኪም የራሷን ክሊኒክ በሌላ ከተማ ልትከፍት ስትነሳ፣ "የጥርስ ሥራውን ክፍል አንተ ያዝልኝ፣ መስኮት ያለው ክፍል እሰጥሃለሁ" አለችው። እትዬን ጠይቆ ተመለሰና "ኮከቤ አይፈቅድም" አላት። መጀመሪያ የቀለደ መስሏት ሳቀች። የምሩን መሆኑን ስታውቅ ሳቁን ዋጥ አድርጋ፣ ሻይዋን ጨርሳ ተነሣች። እሱም በዚያ ቅር አልተሰኘም። ሰው በደሙ ዓይነት እንደማይከራከር ሁሉ እሱም በኮከቡ ተከራክሮ አያውቅም።

የሚሠራው በክሊኒኩ ጀርባ፣ ቀድሞ ዕቃ ቤት በነበረ ክፍል ውስጥ ነው። መስኮት የለውም፤ ሁለት ረጃጅም የመብራት ዘንጎች አሉ፤ አንዱ ሲርገበገብ ከርሞ ሰሞኑን ጨርሶ ጠፍቷል። መደርደሪያው ሙሉ ጀሶ ነው፤ የላይ ድድ፣ የታች ድድ፣ የሞቱም የሚኖሩም ሰዎች አፍ ተደርድሮ ተቀምጧል። ክፍሉ የተቃጠለ ሰምና የመወልወያ አቧራ ይሸታል። ያን ዕለት ጠረጴዛው ላይ የቆየው የአንዲት ባልቴት ሙሉ ጥርስ ነበር። ለልጅ ልጃቸው ሠርግ መድረስ አለበት ተብሏል። ሰሙን አሙቆ አንድ በአንድ ጥርሱን ይተክል ጀመር። ይህን ሥራ ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራዋል። ግን ያን ጠዋት እጁ ሌላ ሰው ዘንድ የሄደ ይመስል የግራውን ክራንቻ በቀኝ ተከለው፤ ነቅሎ መልሶ ሲያየው እንደገና እዚያው በቀኝ ተክሎታል። "የሰው ዕድሜ እየኖሩ ማርጀት" የሚለው ቃል ጆሮው ውስጥ እንደ ትንኝ ይዞራል። በዚህ ክፍል ስንት ዓመት እንደኖረ ለማሰብ ሞከረና ተወው። ቁጥር ፈርቶ አይደለም፤ ዓመቶቹ አንዱ ካንዱ አልለይ ብለውት ነው። ሁሉም አንድ ረጅም ሰኞ ይመስላሉ።

የካርድ ክፍሏ ሴት ሻይ ይዛ መጣች። እሷ ወሬ ካላገኘች ሻይዋን ይዛ የምትመለስ ሰው ናት።

"ምነው ዛሬ ፊትህ ጀሶ መሰለ?" አለችው።

"ኮከብ ታምኛለሽ?"

"ጥሩ ጥሩውን አምናለሁ። መጥፎውን ግን የኔ አይደለም፣ ተሳስተው ነው ብዬ እተወዋለሁ" አለችና በራሷ ቀልድ ሳቀች። እሱ አለመሳቁን አይታ ሻይውን አስቀመጠችለት።

የሐኪሟን ስልክ ቁጥር ከእሷ ተቀብሎ በጓሮው፣ ጄኔሬተሩ አጠገብ ቆሞ ደወለ። እንደማታነሳ ተስፋ አድርጎ ነበር። አነሳችው። ቃል ጠፍቶት ሲንተባተብ ገና ሳይጨርስ፣ "ቦታው እኮ አለ" አለችው። "ሁለት ሰው ሞክሬ ሁለቱም አልሆኑልኝም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ አለ፣ ተሳፈር። ነገ አርፈህ ሰኞ እንጀምራለን። ማደሪያ እስክታገኝ ክሊኒኩ ላይ አልጋ አለ።" እንዲህ ቀላል ይሆናል ብሎ አላሰበም። ቢከብድ ኖሮ ይሻለው ነበር። "እሺ" አለ። ስልኩን ከዘጋ በኋላም አንድ ሁለት ጊዜ እሺ እሺ እያለ ለብቻው አጉረመረመ። ተመልሶ የባልቴቷን ጥርስ ጨረሰ፤ ካለቀ በኋላ ከራሱ ድድ ጋር እንደሚያስተያይ ሁሉ ግራና ቀኙን ደጋግሞ አየው። ሲወጣ ለካርድ ክፍሏ ሴት፣ "ሰኞ አልመጣም፣ ሄዷል ብለሽ ንገሪልኝ" አላት። "እሺ፣ ወዴት ነው ደግሞ፣ ጨረቃ ላይ ነው?" አለችው ካርድ መደርደሯን ሳታቋርጥ።

ቅዳሜ ከሥራ ሲወጣ ዳቦ ይገዛል፣ ቲማቲም ይመርጣል፣ ቤት ገብቶ ሁለት ሸሚዝ ያጥባል። ያን ቀን ባዶ እጁን ነው የገባው። እትዬ ወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ባለች ዝቅተኛ ወንበር ተቀምጣ፣ ያበጡ ጉልበቶቿን ዘርግታ፣ ድንች ትልጣለች። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አስራለች። ከእሱ በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጣለች፤ እናታቸው ከሞቱ ወዲህ እናቱም አባቱም እሷ ናት።

"ዳቦውስ?" አለች ቀና ሳትል።

"አልገዛሁም። ጠዋት ተመልሼ ነበር፣ እትዬ። መነጽሬን ረስቼ።"

ቢላዋ ቆመ። ልጣጩ ከድንቹ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ከጎረቤት ግቢ ሕፃን ሲያለቅስ፣ ማሰሮ ሲፋቅ ይሰማል። እትዬ ድንቹን ውሃው ውስጥ ለቀቀችው።

"ልጅቷ ሻንጣዋን አስራ ነው የመጣችው" አለች። "ሂጂ የሚላት ሰው ፈልጋ ነው። እኔ ምን አውቃለሁ? የሰው ፊት አይቼ፣ የሚፈልገውን አይቼ ነው የምናገረው። መጽሐፉንማ ግማሹን ምስጥ ከበላው ቆይቷል።"

"ለኔስ?"

"ላንተ..." አለች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "እማዬ አልጋ ላይ አልነበረች? የመርከቡ ሰዎች የጠሩህ ጊዜ 'ሳልሞት እንዳይሄድብኝ፣ በምንም ብለሽ ያዥው' አለችኝ። እኔ ልያዝህ ብል በምን አቅሜ? አንተ ያኔ እሳት ነበርክ። በኮከብ ያዝኩህ። ለጥቂት ወር ብዬ ነው።"

"እማዬ ከሞተች እኮ ጠጉሬ ሸበተ።"

"ታዲያ ከዚያ ወዲያ ምን ልበልህ? ኮከብህ ተቀየረ ልበል?"

ሳይወድ ሊስቅ ነበር። እሷ ግን አልጨረሰችም። ድምፁ ለእንግዳ የምታወጣው አልነበረም፤ ሻካራ፣ የድካም ድምፅ ነው። "ደግሞ ጥፋቱ ያንቺ ብቻ ነው አትበለኝ" አለችው። "ልብስ ሰፊዋ ጊዜ፣ አሁንም በሐኪሟ ጊዜ፣ ማንም ሳይጠራህ መጥተህ የጠየቅከኝ አንተ ነህ። አንድ ቀን እንኳ ልሄድ ነው ብለኸኝ አታውቅም። ልሂድ ወይ ነው ያልከኝ። እኔ የሰው ፊት ማንበብ ነው እንጀራዬ፤ 'አይሆንም' ስልህ ፊትህ ላይ ምን እንዳየሁ ልንገርህ? ዕረፍት ነው ያየሁት። ሸክም እንደወረደለት ሰው ተንፍሰህ ወጣህ።"

ዓመታት የተዘረፈ ሰው ሆኖ ነበር ከክሊኒኩ የመጣው፤ አሁን ግን ሌባው ማን እንደሆነ ተደበላለቀበት። ቁጣው እንዳይበርድበት ፈርቶ ይመስላል ድምፁን ከፍ ያደረገው።

"እንግዲያው ልሄድ ነው" አለ። "ዛሬ። አሁን።"

"ሂድ" አለች እትዬ።

ዕቃውን ሲሸክፍ ሁለቱም እንደ ሆቴል ሠራተኛና እንደ እንግዳ ተጠነቃቅቀው ተላለፉ። የሻንጣው ዚፕ እንቢ ሲል ገመድ አምጥታ አሰረችለት። ሹራቡን ሊተው ሲል፣ "እዚያ ብርድ ነው ይላሉ" ብላ ከላይ አኖረችለት። አራት እንቁላል ቀቅላ በላስቲክ ጠቀለለች። በሩ ላይ ሲደርስ ሊስማት ይሁን ወይስ ይቅር በይኝ ሊላት ሳያውቀው ዘንበል አለ፤ እሷ ግን እጇን ከትከሻው ላይ አቧራ እንደምታራግፍ አድርጋ አሳርፋ አነሳች። "ስትደርስ ደውል" አለችው።

አውቶቡስ መናኸሪያው አቧራና ናፍጣ ነው። ቲኬቱን ቆርጦ፣ በመስኮት በኩል ያለ ወንበር ደርሶት ተቀመጠ። አጠገቡ በካርቶን የታሸገ ቴሌቪዥን ታቅፎ የተቀመጠ ወፍራም ነጋዴ ነበር፤ ካርቶኑን ለረዳቱ ሰጥቶ ጣሪያ ላይ አያስጭንም፤ ይሰብሩብኛል ብሎ። "ለሥራ ነው?" አለው ነጋዴው። ለሥራ ነው አለ። "ልጆች?" የሉኝም። "ሚስት?" የለችም። "ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ታዲያ እስካሁን ምን ይዞህ ነው የቀረኸው?" ብሎ ነጋዴው ከልቡ ሳቀ። ጥያቄው የቀልድ ነበር። ጥርስ ሠሪው ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ጠዋት ቢጠየቅ ኮከቤ ይል ነበር። ቀትር ላይ ቢጠየቅ እህቴ ይል ነበር።

አውቶቡሱ እስኪሞላ ድረስ ተቀመጡ። ሙቀቱ ከጣሪያው ይወርዳል። መስኮት ያለውን ክፍል በዓይነ ሕሊናው ሊያይ ሞከረ፤ የሚመጣለት ያ የቀድሞ ዕቃ ቤቱ ነው፣ የጠፋው መብራት፣ መደርደሪያው። ሐኪሟን አሰባት፤ ደግ ሰው ናት፤ ግን እሁድ ጠዋት በዚያ በማያውቀው ከተማ ከአልጋው ሲነሳ ምን እንደሚያደርግ፣ ማንን ደህና አደርክ እንደሚል አልታይ አለው። ፍርሃት ነው ብሎ ራሱን ገሠጸ፤ ማንም የሚፈራው ነው፣ አውቶቡሱ ሲነሳ ይለቃል። ከዚያ ራሱን የወንበሩን ቁጥር ጎዶሎ ነው ሙሉ ነው እያለ ሲመረምር ያዘው። መንገድ ላይ የወደቀ ብስክሌት አይቶ ምን ማለት ይሆን ሲል ያዘው። አፈረ። ኮከቡ ሐሰት መሆኑን በጆሮው ሰምቷል፤ ግን ኮከቡ የነበረበት ቦታ ባዶውን ቀርቷል፤ እዚያ የሚያስቀምጠው የራሱ የሆነ ነገር ቢፈልግ ቢፈልግ አጣ። መሄድ እፈልጋለሁ ወይ ብሎ ራሱን ጠየቀ። መርከቡን ሲመኝ የነበረውን ወጣት ሊጠራው ሞከረ፤ ያ ልጅ እሳት ነበር ብላለች እህቱ፤ እሱ ግን ፊቱን እንኳ ማስታወስ ተሳነው። ይህ ሁሉ ዘመን አንድ ሰው በሩን ዘግቶብኛል ብሎ ኖሮ፣ በሩ ሲከፈት ከውስጥ የሚወጣ ሰው ጠፋ።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ረዳቱ በሩን መታ መታ አድርጎ፣ "የቀረ ሰው አለ?" ብሎ ጮኸ። ጥርስ ሠሪው ተነሣ።

"ወንድሜ፣ ልንነሳ እኮ ነው!" አለው ነጋዴው ካርቶኑን እያዘነበለ።

"ዕቃ ረሳሁ" አለ። ሻንጣውን ከላይ ሲያወርድ ገመዱ የሰው ጆሮ ነካ፤ ይቅርታ እያለ ወረደ። ረዳቱ፣ "ገንዘቡ አይመለስም!" አለው ከኋላው። አውቶቡሱ ሲዞር በመስኮቱ ነጋዴው ቴሌቪዥኑን እሱ በለቀቀው ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ሲመቻች አየው። ለሐኪሟ አልደወለም። ስትደውል ምን እንደሚላት እያሰበ ነበር ስልኩን ያጠፋው።

ወደ ቤት በእግሩ ነው የሄደው፤ ሻንጣው ክንዱን ገነጠለው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሠፈር ደረሰ። የሚያውቁት ሰዎች ሻንጣውን እያዩ፣ "እንኳን ደህና መጣህ፣ ከየት ነው?" አሉት። በጓሮ ዞረ። መጀመሪያ ያየው ፍራሹን ነው፤ የአልጋው ፍራሽ ወጥቶ በርሜሉ ላይ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። የክፍሉ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። እትዬ ውስጥ ናት። የእንግዳ መቀበያውን ባለ መደገፊያ ወንበር ጎትታ ወደ እሱ ክፍል፣ የማታው ብርሃን በሚገባበት መስኮት ሥር አምጥታዋለች። ሻሿን አውልቃለች። ጠጉሯን ሳያይ ስንት ዓመት እንደሆነው አያውቅም፤ ተፈትቶ ትከሻዋ ላይ ወድቋል፣ ነጭ ነው። ያበጡ እግሮቿን የእሱ አልጋ ጠርዝ ላይ ሰቅላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አንድ የድሮ ዜማ ያለ ግጥም ታንጎራጉራለች። ምድጃው አልተለኮሰም። ድንቹ ቀን እንደነበረ ውሃው ውስጥ ነው። የምታበስልለት ሰው የለም፤ የምትጠብቀው ኮቴ የለም። ፊቷ ላይ የነበረውን ነገር እሱም እንደ እሷ ፊት ማንበብ የሚችል ይመስል ወዲያው አወቀው፤ ዕረፍት ነው። ልመለስ፣ ሳታየኝ ልመለስ ብሎ አሰበ። የሚመለስበት ግን አልነበረውም። ሻንጣው ከእጁ አምልጦ መሬቱን መታ።

እትዬ ዓይኗን ገለጠች። ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ወዲያው አልጠፋም፤ መብራት ሲጠፋ አምፖሉ ጥቂት እንደሚቀላ ቆይቶ ነው የጠፋው። እግሮቿን አንድ በአንድ ከአልጋው አወረደች። ሻሿን ከጉልበቷ ላይ አንስታ፣ ጠጉሯን ሰብስባ፣ እስከ ቅንድቧ አሰረች።

"መጣህ" አለች።

"መጣሁ።"

"አውቶቡሱ ሄደ?"

"ሄደ።"

ጉልበቷን ይዛ፣ አቃስታ ተነሣች። "ምን ይሠራልህ?" አለች። "አትነሽ" ሊላት ነበር፤ ከአፉ የወጣው ግን "ያለው ይበቃል" ነው። ወንበሯን እየጎተተች ወደ እንግዳ መቀበያው መለሰች፤ አራቱ እግሮች ሲሚንቶውን እየፋቁ ሲሄዱ ግቢው ሙሉ ተሰማ። ከዚያ ተመልሳ ወጣች። ጀምበሯ ጠልቃለች፤ ጤዛ ሊወርድ ነው፤ ፍራሹ ውጪ ማደር የለበትም። በአንድ በኩል እሱ፣ በሌላ በኩል እሷ ያዙት። በሩ ጠባብ ስለሆነ አዘንብለው፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ እየተባባሉ አስገቡትና፣ ሳይተያዩ፣ ቦታው ላይ አነጠፉት።